ከሥራ የተባረረ ሰው መጀመሪያ ቀን ይቁጠር፦ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት

የአዘዞ መንገድ · ጥር 14፣ ከጠዋቱ 3:20

ጥምቀት አልፏል። ለበዓሉ ሰው የጨመሩ ሆቴሎች፣ ካፌዎችና ፔንሲዮኖች አሁን መቀነስ የሚጀምሩበት ሰሞን ነው። ይህን ክር የከፈትኩት ሰው መብቱን የሚያጣው ሕጉ ሳይደግፈው ቀርቶ ሳይሆን ቀኑ አልፎበት ስለሆነ ነው። «እስኪ ሽማግሌ ይነጋገርበት፣ ከፋሲካ በኋላ አያለሁ» ሲባል ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ይሞላል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሚቆጠሩት ቀኖች እነዚህ ናቸው።

ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና መሰል ክፍያ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። ውሉ በመቋረጡ የሚመጣ ማንኛውም ክፍያ፣ ማለትም የሥራ ስንብት ክፍያ፣ ካሳ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ ፈቃድ፣ ከተቋረጠበት ቀን 6 ወር አለው። የተለየ ጊዜ ያልተቀመጠለት ሌላ የሥራ ክርክር 1 ዓመት ነው።

ቆጠራው የሚጀምረው መብቱን መጠየቅ ከተቻለበት ቀን ማግስት ነው። ጥር 14 የተሰናበተ ሰው ወደ ሥራ መመለስ ከፈለገ እስከ ሚያዝያ 14፣ ገንዘቡን ከፈለገ እስከ ሐምሌ 14 መዝገብ ማስከፈት አለበት። የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል።

የትርፍ ሰዓቱን ለብቻው ተመልከቱት። እያንዳንዱ ወር የራሱ ይርጋ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ትርፍ ሰዓት ያልተከፈለው ሰው ዛሬ ቢከስ የሚያገኘው የመጨረሻዎቹን ስድስት ወራት ነው፤ የቀረው ወር በወር እየታገደ ሄዷል።

ማራኪ 18 · ጥር 14፣ ከጠዋቱ 4:05

እግዜር ይስጥልን። ግን የብዙው ሰው ስንብት በቃል ነው። «ነገ እንዳትመጣ» ይባላል፣ ደብዳቤ የለም። ያኔ ቀኑ ከየት ይቆጠራል? ማስረጃውስ?

የአዘዞ መንገድ · ጥር 14፣ ከጠዋቱ 4:40

ከባዱ ይኸው ነው። አሠሪው ውል ሲያቋርጥ ምክንያቱንና ቀኑን ጽፎ መስጠት አለበት። በቃል የተባለ ሰው ቤቱ ከተቀመጠ ግን አሠሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ «አላባረርኩትም፣ ራሱ ጠፋ» ይላል። ክርክሩ ከስንብት ወደ መቅረት ይዞራል ማለት ነው።

ስለዚህ በማግስቱ በመደበኛው ሰዓት ወደ ሥራ ቦታው መሄድ ነው፤ ብቻውን ሳይሆን ቆሞ የሚያይ ሰው ይዞ። የፊርማ ወረቀት ካለ መፈረም፣ ከከለከሉት መውጣት። በዚያው ቀን አንዲት ገጽ ይጻፍ፦ «ጥር 13 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዲህ እንዳልመጣ በቃል ነግረውኛል። ዛሬ ጥር 14 ለሥራ ቀርቤ ተከልክያለሁ። አሁንም ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። ከሥራ የተሰናበትኩ ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ።» በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ አንዱ ላይ የተቀባዩ ስም፣ ፊርማና ቀን ይወሰዳል። አልቀበልም ካሉ ፖስታ ቤት ሄዶ በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ ደረሰኝ በሚሰጥበት ደብዳቤ፣ መላክ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለው ማህተም ቀኑን ይመሰክራል።

ደመወዝ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባ ከነበረ የስድስት ወሩን ዝርዝር አሁኑኑ አውጡ። ውል ባይኖርም በየወሩ ከአንድ ላኪ የሚመጣ ተመሳሳይ ገንዘብ የሥራ ግንኙነቱንም ልኩንም ያሳያል።

የችሎት ደጅ · ጥር 14፣ ከቀኑ 7:15

በይርጋው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሽምግልናና የስልክ ንግግር ይርጋ አያቋርጡም። የሚያቋርጡት ለሥራ ክርክር ሰሚው አካል የቀረበ ክስ፣ አዋጁን ለሚያስፈጽመው አካል የቀረበ አቤቱታ የጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥበት ድረስ፣ እና አሠሪው ራሱ ዕዳውን በጽሑፍ ሲያምን ነው። ሽማግሌ ፊት «እከፍላለሁ» ካለ ጽፎ እንዲፈርም አድርጉ። ቀን ያለባት አንዲት መስመር ትበቃለች።

ብዙ ሰው ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ይባል ወደነበረው፣ አሁን ሥራና ሥልጠና ወደተባለው መምሪያ ሄዶ በቃል ተናግሮ ይመለሳል። ያ ዋጋ የለውም። አቤቱታው ተጽፎ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይውጣለት። ተቆጣጣሪዎቹ የሥራ ሰዓትን፣ ደህንነትን፣ የደመወዝ አከፋፈልን አይተው ያዛሉ፤ «ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው፣ ካሳ ይከፈል» ብሎ የሚፈርደው ግን ፍርድ ቤት ነው። በመምሪያው ተማምናችሁ ሦስቱን ወር አታቃጥሉ።

ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለዘገየ ሰው ፍርድ ቤቱ ክሱን ሊቀበል ይችላል። ሕመምና ለአገር አገልግሎት መጠራት በሕጉ ከተጠቀሱት ናቸው። ነገር ግን ምክንያቱ በተወገደ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ ግዴታ ነው። ታሞ የተኛ ሰው ከሆስፒታል የወጣበትን ቀን የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ።

ቅዳሜ ገበያ · ጥር 14፣ ከቀኑ 8:30

ለጥምቀት ለሁለት ወር ተብለው የተቀጠሩትስ? ወረቀት የላቸውም። መብት አላቸው ወይ?

የችሎት ደጅ · ጥር 14፣ ከቀኑ 9:10

አላቸው። የሥራ ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም፣ በቃልም ይጸናል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ባይሰጥ ሠራተኛው መብቱን አያጣም።

ከዚህ የሚበልጠው አንቀጽ 9 ነው፦ ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፣ በአንቀጽ 10 ከተዘረዘሩት ሁኔታዎች አንዱ ካልኖረ በስተቀር። ለበዓል የሚጨምር ሥራ፣ ወቅታዊ ሥራ፣ በጊዜያዊነት የቀረን ሰው መተካት በአንቀጽ 10 ይሸፈናሉ። ስለዚህ ከታኅሣሥ እስከ ጥር መጨረሻ ለእንግዳ ብዛት የተቀጠረ አስተናጋጅ ውሉ ጊዜው ሲያልቅ ቢያልቅ ሕገ ወጥ አይደለም።

ሕገ ወጥ የሚሆነው የዓመት ሙሉ ሥራ ላይ የሦስት ወር ኮንትራት እያሳደሱ ማቆየት ነው። ዓመቱን ሙሉ ክፍት በሆነ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ ሠራተኛ ሥራዋ ቋሚ ነው። ወረቀቱ ላይ «3 ወር» ተብሎ አምስት ጊዜ ቢጻፍ የሥራውን ባሕርይ አይለውጠውም። ስትባረር ክሷን «ውሌ ላልተወሰነ ጊዜ ነው» ብላ ትጀምር፤ ይህን ካልጻፈች አሠሪው «ጊዜው አለቀ» ብሎ ያመልጣል።

ሒሳብ ሹም · ጥር 14፣ ከምሽቱ 1:45

የጥምቀትን ሳምንት በቁጥር እናስቀምጠው። በፔሮሉ (በደመወዝ መክፈያ መዝገቡ) ላይ በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በወር 6,240 ብር የሚከፈለው አስተናጋጅ እንውሰድ። በሳምንት 48 ሰዓት ለ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይሆናል። 6,240 ለ208፣ በሰዓት 30 ብር።

የትርፍ ሰዓቱ መጠን፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በአንድ ተኩል፣ 45 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ 52.50 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት እጥፍ፣ 60 ብር። በሕዝብ በዓል ቀን በሁለት ተኩል፣ 75 ብር።

አሁን ሳምንቱ። ጥር 10 ከተራ ነው። ጎንደር ያን ቀን ታቦት ስታጅብ ብትውልም በሕጉ የሕዝብ በዓል ጥር 11 ብቻ ነው። ስለዚህ በከተራ ከ8 ሰዓቱ በላይ የቀን 3 ሰዓት የሠራ 135 ብር። ጥር 11 መደበኛውን 8 ሰዓት ሠርቶ ከሆነ እያንዳንዱ ሰዓት በእጥፍ ይታሰባል፣ 480 ብር፤ በላዩ 4 ሰዓት ትርፍ ካለ 300 ብር። ቃና ዘገሊላ፣ ጥር 12፣ መደበኛ ቀን ነው፤ ከምሽቱ 4 በኋላ 2 ሰዓት ከቆየ 105 ብር። ድምሩ 1,020 ብር።

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከላይ ያለው 9 ነው፣ በገደቡ ውስጥ ነው። ከገደቡ በላይ አሠርቶ «ሕጉ ስለማይፈቅድ አልከፍልም» ማለት ግን ተቀባይነት የለውም። የተሠራ ሰዓት ይከፈላል።

ሌላው የብርጭቆ ቅነሳ ነው። ሰሃን ወይም ብርጭቆ ሲሰበር ወዲያው ከደመወዝ መቁረጥ ልማድ ሆኗል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ አይቆረጥም። ቢቆረጥም በአንድ ወር ከደመወዙ ሲሶ አይበልጥም፤ ከ6,240 ቢበዛ 2,080።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሰፈር · ጥር 14፣ ከምሽቱ 2:30

ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ቀርቷል። የዓመት ፈቃድ 14 ቀን ነው፣ በየዓመቱ አንድ ይጨመራል። እንዲሁም 5 ተከታታይ ቀን የቀረ ያለ ማስጠንቀቂያ ይባረራል።

የችሎት ደጅ · ጥር 14፣ ከምሽቱ 2:55

አንቱ የጻፉት የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው፤ ተሽሯል። ብዙ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ አሁንም እሱ ስለተለጠፈ ስህተቱ የሰፋ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሲሆን ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አገልግሎት 1 ቀን ይጨመራል። መቅረቱም ተቀይሯል። ተከታታይ መሆኑ ቀርቶ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ሆኗል። ማርፈድም በስድስት ወር 8 ጊዜ። ሁለቱም ግን «በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው» የሚል ቃል አላቸው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ካልተሰጠ ስንብቱ አይቆምም።

የሰው ኃይል ክፍል · ጥር 14፣ ከምሽቱ 3:40

በአሠሪ በኩል ለሚቀመጡትም ይህ ይጠቅማል። የሚሸነፉት አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሳይኖር ቀርቶ ሳይሆን ወረቀቱ ሳይኖር ቀርቶ ነው።

ሠራተኛው ሲቀር በዚያው ሳምንት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፤ የቀረበት ቀን ተጠቅሶ፣ ተቀባይ ፈርሞ። አልፈርምም ካለ ሁለት ሰዎች «ተነቦለት አልፈርምም ብሏል» ብለው ይፈርሙ። አምስተኛው ቀን ከሞላ በኋላ በአንድ ጊዜ ተጽፈው ወደ ኋላ ቀን የተሰጣቸው ማስጠንቀቂያዎች ችሎት ላይ ይታወቃሉ፤ የደብዳቤ ቁጥራቸው ተከታታይ ይሆናል።

በአንቀጽ 27 ወዲያውኑ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን አለው። ካለፈ በዚያ ጥፋት ማሰናበት አይችልም። ለማጣራት ከሥራ ማገድም ከ30 የሥራ ቀን አይበልጥም።

የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን ነው፣ በጽሑፍ ካልሆነ ግን የለም። በ61ኛው ቀን «ሙከራውን አላለፍክም» ማለት ከተራ ስንብት አይለይም። ውሉ ሲቋረጥ ያለው ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ፤ ያለ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ሊፈረድበት ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ በነጻ የሚሰጥ ነው። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ይይዛል፤ ክሊራንስ እስኪያልቅ ብሎ እንደ መያዣ ማስቀረት አግባብ አይደለም።

ቀበሌ 11 · ጥር 15፣ ከጠዋቱ 2:10

ጥበቃዎችን ማንም አላነሳቸውም። 12 ሰዓት በፈረቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠሩ አሉ።

ሒሳብ ሹም · ጥር 15፣ ከጠዋቱ 2:50

12 በ6 ሲባዛ 72 ነው። ከ48 በላይ 24 ሰዓት። በሳምንት የተፈቀደው ትርፍ 12 ስለሆነ ፈረቃው ራሱ ከሕግ ውጭ ነው፤ ግን 24ቱም ይከፈላል። የሌሊት ፈረቃ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ መደበኛው 8 ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያልቃል፤ የቀሩት 4 ሰዓታት በሙሉ በ1.75 ናቸው። «አንድ ቀን ውሎ አድሮ ሁለት ቀን ዕረፍት» የሚባለውም ሲሰላ በአማካይ በሳምንት 56 ሰዓት ነው። አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ማረፍ ደግሞ 84 ይደርሳል።

ጥበቃው በድርጅት የተቀጠረ መሆኑ ይታይ። በግለሰብ መኖሪያ ቤት የሚሠራ ዘበኛ፣ የቤት ሠራተኛ፣ አትክልተኛ «የግል አገልግሎት» ተብሎ ከአዋጁ ወጥቷል። ይህ ክፍተት ነው፣ ያሳዝናል፤ ግን በዚህ አዋጅ ክስ ጽፎ ማባከን አይገባም።

የችሎት ደጅ · ጥር 15፣ ከጠዋቱ 3:30

ከአዋጁ የሚወጣው ሌላ ሰው «የሥራ መሪ» ነው። አንዳንድ ቤቶች ትርፍ ሰዓት ላለመክፈል ለአስተናጋጅ «ሱፐርቫይዘር» የሚል ስም ይሰጣሉ። ስሙ አይወስንም። መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ፣ ማሰናበት፣ የድርጅቱን አሠራር መወሰን የሚችል ሥልጣን በእርግጥ ተሰጥቶታል ወይ ነው ጥያቄው። ጠረጴዛ የሚያከፋፍል ሰው የሥራ መሪ አይደለም።

እናት ጓዳ · ጥር 15፣ ከጠዋቱ 4:15

ነፍሰ ጡር ሆና የተባረረች እህት ካለች፦ በእርግዝና ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር አሠሪው ውሏን ማቋረጥ አይችልም። ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን፣ በድምሩ 120፣ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልበት ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 እና ትርፍ ሰዓት አትሠራም። ለምርመራ የምትወጣበት ቀንም ደመወዝ አለው፤ ከጤና ጣቢያው ወረቀት ታምጣ። እርግዝናዋን ለአሠሪው በጽሑፍ ያሳወቀችበት ቀን ያለው ቅጂ ይኑራት። ያለዚያ «አላወቅንም ነበር» ይባላል። አባትም 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር አለው፣ ብዙዎች አይጠይቁትም።

ማራኪ 18 · ጥር 15፣ ከቀኑ 6:40

ክሱ እንዴት ይጻፋል? ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውስ?

የአዘዞ መንገድ · ጥር 15፣ ከቀኑ 8:00

የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ ይህን ሳያውቁ የሚቀሩ ብዙ ናቸው። የግል የሥራ ክርክር የሚታየው በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን በእኛ አጠራር ወረዳ ፍርድ ቤት ማለት ነው። በአዋጁ በ60 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት፣ ይግባኝም በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ማመልከቻ ለማጻፍ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ አስቀድሞ ወደዚያ መሄድ ይሻላል።

የሚያበላሸው «ካሳዬ ይከፈለኝ» ብሎ በደፈናው መጻፍ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ በስሙና በቁጥሩ ይጠየቅ። ያው 6,240 የሚከፈለው ሰው 4 ዓመት ሠርቶ ያለ በቂ ምክንያት ቢሰናበት፣ የቀን ደመወዙ ለ30 ተካፍሎ 208 ብር ነው።

የሥራ ስንብት፦ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ 6,240። ለቀሩት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሲሶ፣ 2,080 በ3፣ 6,240። ድምር 12,480።
ካሳ፦ 180 ቀን በ208፣ 37,440።
የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ፦ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ 12,480። እስከ 1 ዓመት ቢሆን 1 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ 3 ወር ነበር።
ያልተወሰደ ፈቃድ፦ 10 የሥራ ቀን ቢቀረው፣ የሥራ ቀን ስለሆነ 6,240 ለወሩ 26 የሥራ ቀናት ተካፍሎ 240፣ 2,400።

64,800 ብር። ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ካለ ለብቻው በወር በወር ተዘርዝሮ ይጨመራል።

በሦስት ወሩ ውስጥ ከሆነ ከፍርድ ቤቱ የሚጠየቀው ዳኝነት በአማራጭ ይጻፍ፦ «ውዝፍ ደመወዝ ተከፍሎኝ ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ ይህ ካልሆነ ከላይ የተዘረዘሩት ይከፈሉኝ።» ውዝፉ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ በይግባኝ እስከ 1 ዓመት ነው። መመለስን ብቻ የጠየቀ ሰው ፍርድ ቤቱ ካሳን ከመረጠ ይቸገራል፤ ገንዘቡን ብቻ የጠየቀም ሥራውን አያገኝም።

የጡረታ መዋጮም ይረጋገጥ። 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው። ከደመወዙ 7 በመቶ ተቆርጦ ለማኅበራዊ ዋስትናው ሳይገባ የቀረ ካለ የፔሮሉ ቅጂ ወሳኝ ማስረጃ ነው።

ቅዳሜ ገበያ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 12:50

የመጨረሻ ጥያቄ። የወሩን ደመወዝ ሲሰጡ «ከእንግዲህ ምንም የምጠይቀው የለም» የሚል ወረቀት ካላስፈረሙ አንሰጥም ይላሉ። ልጁ ነገ ጠዋት ተጠርቷል። ይፈርም ወይስ ይተው?

የችሎት ደጅ · ጥር 15፣ ከምሽቱ 1:20

በደመወዝ መዝገብ ላይ ሳይቃወሙ ፈርሞ መቀበል ቀሪውን መተው እንዳልሆነ አዋጁ ይናገራል። ነገር ግን ያ የተለየ ወረቀት ክርክሩን ያረዝምበታል፤ በተለይ «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር መሀል ላይ ተሰክቶ ከሆነ። እሱ ካለ በፍጹም አይፈርም። ገንዘቡን መቀበል ካለበት ከፊርማው በላይ በእጁ «የጥር ወር ደመወዝ 6,240 ብር ብቻ ተቀብያለሁ፤ ስንብት፣ ካሳና ሌላ መብቴን አልተውኩም» ብሎ ይጻፍ፣ ቀኑን ያስገባ፣ ከመመለሱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ያንን መጻፍ ከከለከሉት ሳይፈርም ይውጣ። ደመወዙ የ6 ወር ይርጋ አለው፣ በክሱ ላይ ይጨመራል። ምስክር የሚሆን ሰው ይዞ ይሂድ።